ዘንበልና መውጫ የሌለው አምባ

ሲሮጥ ግራ ትከሻውን ወደ መሬት ጣል ስለሚያደርግ ስሙ ዘንበል ሆኖ ቀረ። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ቢቀየመኝ አልፈርድበትም ነበር፣ እሱ ግን የሚቀየም ልጅ አይደለም። አሰልጣኛችን ሦስት ዓመት ሙሉ «ትከሻህን አቅና!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ሲጮህ ከረመ። ትከሻው አልቀና፣ አሰልጣኙም አልተወ።

እኔ የዚሁ ቡድን ሦስተኛ በረኛ ነኝ። ሦስተኛ በረኛ ማለት አንደኛው ታሞ፣ ሁለተኛው ተቀጥቶ፣ ዝናቡም ጨዋታውን ካላሰረዘው የሚገባ ሰው ነው። ልጆቹ «ግድግዳው» ይሉኛል፤ ኳስ ስለምመልስ እንዳይመስላችሁ፣ ግድግዳ ተደግፌ ስለምውል ነው። ከዘንበል ጋር አንድ ክፍል ነበር የምናድረው። ክፍላችን ከስታዲየሙ መቀመጫዎች ሥር ናት። ጣሪያዋ የደረጃውን ቅርጽ ይዞ ወደ አልጋዎቹ እየወረደ ስለሚሄድ፣ ከእንቅልፉ ደንግጦ የተነሳ ሰው አናቱን ሳይመታ አይቀርም። ጨዋታ ባለ ቀን ደጋፊው በዘለለ ቁጥር ትራሳችን ላይ አቧራ ይወርዳል። አንዲት ትንሽ መስኮት አለችን፤ በእሷ የሚታየው ዋናው በርና የዘበኛው ጀርባ ብቻ ነው።

ዘበኛው የዘንበል አባት ናቸው። እኔ «ጋሼ» ነው የምላቸው። ሚስታቸው ሞተውባቸው ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ ሰው ናቸው። ልጁ ገና በልጅነቱ ለክለባችን ሲመረጥ፣ የክለቡ ፕሬዚዳንት አባትየውንም በር ላይ ቀጠራቸው። ያኔ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለ ደግ ሰው ነው!» አለ። እኔም ብያለሁ፤ አፌን በቆረጠው!

ፕሬዚዳንቱ ለበሩ አንድ ሕግ አለው። የዘበኛው ወንበር ፊቱን ወደ መንገዱ፣ ጀርባውን ወደ ሜዳው ማድረግ አለበት። ልምምድም ይሁን ጨዋታ ዘበኛ ዞሮ ካየ ሰው ሳይከፍል ይገባል ባይ ነው። ወንበሯ አንድ እግሯ በሽቦ የታሰረ የፕላስቲክ ወንበር ናት። ጋሼ እሷ ላይ ሆነው ነው ያረጁት።

ዘንበል የግራ መስመር አጥቂ ነው። ልምምድ ላይ ያየው ሰው አፉን ይዞ ይቀራል። ጨዋታ ላይ ግን ማንም አያየውም፣ ምክንያቱም እዚያው ቦታ ላይ አምበላችን አለ። አምበላችን ሽበቱን ጥቁር ቀለም እየተቀባ የሚጫወት፣ የፕሬዚዳንቱ የእህቱ ባል ነው። ስለዚህ ዘንበል ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ይነሳና በመስመሩ ዳር ሽር ጉድ እያለ ሰውነቱን ያሟሙቃል፤ ዳኛው ሲያፏጭ ተመልሶ ማሊያውን ያወልቃል። ጉብዝናው ሁሉ በመሟሟቅ አለቀ። ፕሬዚዳንቱ እንደሆነ እሱም አይጠቀምበት፣ ለሌላም አይሰጥ።

ይህ ልጅ ታዲያ እንዴት ሳያብድ ቀረ ብትሉኝ፣ በታሪክ ነው። የአክስቱ ልጅ ኮምፒውተር ተምራ ከጓደኞቿ ጋር የሞባይል ጌም ትሠራለች። ጌሙ ውስጥ በምድር ላይ የሌሉ ከተሞችና ፍርስራሾች አሉ። ተጫዋቹ አንድ ቦታ ሲደርስ የቦታው ታሪክ አጠር ብሎ ይመጣለታል፤ ታሪኩን ልብ ብሎ ካነበበ ከዚያ ቦታ የሚያስወጣውን መንገድ ያገኛል። እነዚያን ታሪኮች የሚጽፈው ዘንበል ነበር። አልጋው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ በአውራ ጣቱ፣ ስክሪኑ በተሰነጠቀ ሞባይል።

የማልረሳቸው አሉ። አንዷ ደወሏ የተሰረቀባት ከተማ ናት። ሕዝቡ ሰዓት የሚያውቀው በአንድ ሽማግሌ ሳል ነበር፤ ሽማግሌው መድኃኒት አግኝተው የዳኑ ዕለት ከተማው በሙሉ ከሥራ ቀረ። ሌላዋ ባሕሩ ጥሏት የሄደ ወደብ ናት። መርከቦቹ ኮረብታው ላይ ጋደም ብለው ቀርተው ሰው ቤት አድርጓቸዋል፤ ሴቶቹ ግን ዛሬም ባሎቻቸውን ሲሸኙ «መልካም ነፋስ» ይላሉ። ይህን ሁሉ ከየት ያመጣዋል? ከዚያች መስኮት ውጭ ያየው ነገር የለም እኮ!

ሥራው ሲያልቅ መጀመሪያ የምሞክርለት እኔ ነበርኩ። ቡድናችን ሲጓዝ አውቶቡስ ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ እጫወታለሁ። ከከተማዋም ከወደቡም በሰላም ወጥቻለሁ።

የውድድር ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ከአንድ የወደብ ከተማ ክለብ ጋር የወዳጅነት ጨዋታ አደረግን። የአምበላችን ጉልበት እምቢ አለና ከዕረፍት በኋላ ዘንበል ገባ። የዚያን ቀን የነሱ ተከላካይ ያየውን አበሳ ጠላቴም አይየው። ጨዋታው ሲያልቅ አሰልጣኛቸው ራሱ መልበሻ ክፍላችን ድረስ መጥቶ፣ ውሉ እንዳለቀ ቋሚ ተሰላፊ አድርጎ እንደሚወስደው ነገረው። ውሉ የሚያልቀው በዚያው ወር ነበር። እኔ ከእሱ ይልቅ ጨፈርኩ።

በማግስቱ ፕሬዚዳንቱ አስጠራው። ሲመለስ ጫማውን እንኳ ሳያወልቅ አልጋው ላይ ተዘረረ።

«ምን አለህ?»

«ሦስት ዓመት ጨምረህ ፈርም አለኝ። ዓርብ።»

«አንተስ ምን አልክ?»

«ምን እላለሁ?»

«አልፈልግም ትላለሃ! ምላስ የለህም?»

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ለግድግዳው የሚያወራ ይመስል ተናገረ። «'አንተ ከእኛ ጋር እስካለህ ድረስ የአባትህ ወንበር የአባትህ ናት' አለኝ።»

አሁን ገባኝ። ልጁ ከሄደ አባትየው ይባረራሉ። በዚያ ዕድሜያቸው፣ በዚያ ወገባቸው ማን ይቀጥራቸዋል?

«ለአባባ ትንፍሽ እንዳትል፤ አደራ» አለኝ።

በክለባችን ደግሞ ፊርማ ማለት ድግስ ነው። ፈራሚው ከፕሬዚዳንቱ ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣል፤ አባቱ የክለቡን ሻርፕ አንገቱ ላይ አድርጎ እጁን በልጁ ትከሻ ላይ ያሳርፋል፤ ፎቶ ይነሳሉ። አባት የሌለው አጎቱን ያመጣል። ጋሼ ለዓርቡ ነጭ ሸሚዛቸውን አስተኩሰው መስቀላቸውን በመስኮቷ አየሁ። ዘንበልም አየ።

በዚያው ሳምንት «ዝግ አምባ» የሚባል አዲስ ቦታ ጽፎ ሰጠኝ። ገባሁ። ታሪኩን አነበብኩ፣ ደግሜ አነበብኩ፣ ግድግዳውን ሁሉ ዳሰስኩ፤ ወይ ፍንክች! ሞባይሉን አልጋው ላይ ወረወርኩት። እንዲያ እየተሳደብኩ ሳለ የአክስቱ ልጅ ደወለችለት፤ ስፒከር ላይ አድርጎ አነሳው።

«አንተ ልጅ፣ ከአምባህ የወጣ አንድ ሰው የለም እኮ! የሞከሩልን ሁሉ እየረገሙን ነው። መውጫው የት ነው?»

«የለውም» አላት።

«እንዴት የለውም? ጻፍለታ!»

«ፈለግሁት። የለም።»

የአምባው ታሪክ እንዲህ ነበር። እስረኛው አልታሰረም፤ በሩም አልተቆለፈም። በሩ ላይ አንድ ሽማግሌ ዘበኛ ተቀምጧል። እስረኛው ከወጣ ዘበኛው ይባረራል። ስለዚህ እስረኛው አይወጣም። አለቀ።

ማን እንደሆኑ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም። ግን ተናደድኩ፤ በፕሬዚዳንቱ ብቻ ሳይሆን በዘንበልም።

«እሺ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አልኩት። «ዘበኛውን ማን ጠየቀው?»

«ምን ብሎ?»

«ወንበርህን ትወዳታለህ ወይ ብሎ ነዋ! ሁላችሁም ስለሱ ታስባላችሁ፣ እሱን ግን የሚያናግረው የለም። ሰው አይደለም እንዴ?»

ዘንበል ብድግ ሲል አናቱን ከጣሪያው ጋር አጋጨ።

ሐሙስ ከልምምድ በኋላ «አብረኸኝ ና» ብሎ ወደ በሩ ወሰደኝ። ጋሼ እንደ ሁልጊዜው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠዋል። የቁልፉን ዘለበት በጣታቸው ያዞራሉ። ልጁ አጠገባቸው ቁጢጥ አለ። በቀጥታ መጠየቅ አቃተው፤ ነገር በምሳሌ ይሻላል አለ መሰለኝ።

«አባባ፣ ለጌሙ አንድ ነገር ቸግሮኝ ነው።»

«ለዚያ ለውሸት አገርህ?»

«አዎ። አንድ ዘበኛ አለ። ሥራውን አይወደውም እንበል። ታዲያ ለምን ጥሎ አይሄድም?»

ጋሼ ትንሽ አሰቡ። «ልጅ አለው?»

«አለው።»

«በቃ፣ ለልጁ ሲል ነዋ። 'አንተ በሩ ላይ እስካለህ ልጅህ በቡድኑ ቦታ አለው' ብለውታል። ወገቡ ቢቆረጥም ይቀመጣል።»

ጌሙ ውስጥ ቡድን የሚባል ነገር የለም። ዘንበል አየኝ፣ እኔም አየሁት። ከዚያ «ልጁስ አባባ?» አለ። «ልጁም የቀረው ለዘበኛው ሲል ቢሆንስ? 'አንተ እስካለህ የአባትህ ወንበር አለች' ብለውት ቢሆንስ?»

የቁልፉ መዞር ቆመ። ጋሼ ወንበራቸው ላይ እንዳሉ ዞሩ፤ ከመንገዱ ፊታቸውን ሲመልሱ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ይህን የጠየቅኸኝ ለጌሙ ነው?»

«አይደለም።»

«እኔም ለጌሙ አይደለም የመለስኩልህ።»

ደሜ ፈላ። አንድ ሰው፣ በአንድ አፍ፣ አባትና ልጅን በአንድ ገመድ አስሮ አንዱን በሌላው ያስጠብቃል! ያወረድኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። እነሱ ግን አልሰሙኝም።

«ሥራውን ትጠላዋለህ?» አለ ልጁ።

«ከመጀመሪያው ቀን። አንተስ እዚህ መሆኑን?»

«አንገፍግፎኛል።»

ጋሼ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቁ ወዲያው ሌላ ነገር ሆነ። እኔ ዘወር አልኩ። ሰው ሲያለቅስ ማየት አልወድም፣ በተለይ የማለቅሰው እኔ ስሆን።

ዓርብ ጠዋት በጡሩምባ ነቃሁ፤ የዘንበል አልጋ ባዶ ነው። የፕሬዚዳንቱ መኪና ከተዘጋው በር ውጭ ቆማ ትጮሃለች። ስሮጥ ደረስኩ። ወንበሯ ፊቷን ወደ ሜዳው አዙራለች፤ ቁልፉ ክንዷ ላይ ተንጠልጥሏል። በሩ አልተቆለፈም ነበር፤ ገፍቼ ከፈትኩ።

«ዘበኛው የታለ?»

«የለም።»

«ልጁስ?»

«እሱም።»

ሻርፑን ታቅፎ ከኋላ የተቀመጠው ፎቶ አንሺ አንገቱን ብቅ አድርጎ «ታዲያ ማንን ላንሳ?» አለ። ፕሬዚዳንቱ ወርዶ ወንበሯን በእግሩ እየገፋ ወደ መንገዱ መለሳት። ከዚያ ከላይ እስከ ታች አየኝ። «አንተ በረኛ አይደለህ? ሰው እስኪገኝ በሩን ያዝ» ብሎ ብቻውን ሳቀ።

ሰው እስካሁን አልተገኘም። እኔም ውሌን አድሻለሁ፤ አጎቴ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ ፎቶ ተነስተናል። ሌላ የጠየቀኝ ክለብ የለም፣ ምን ላድርግ? ጨዋታ ባለ ቀን ስሜ ከተሰላፊዎች ስለማይገባ ወንበሯ ላይ እውላለሁ። ዝግ አምባን የተወጣሁት እዚያ ተቀምጬ ነው። ዘንበል ታሪኩ መጨረሻ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሮበታል፤ «አንድ ቀን ሁለቱ ተጠያየቁ» ትላለች። ዘበኛውን ነክቼ አናገርኩት፤ ተነስቶ አብሮኝ ወጣ።

አዲሱ የውድድር ዓመት የጀመረ ዕለት ስልኬ ጮኸ። ጋሼ ናቸው። በወደቡ ከተማ ግማሽ ቀን የዓሣ መረብ እየጠገኑ፣ ከልጃቸው ጋር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እንደሚኖሩ ሰምቼ ነበር። ከጀርባቸው የሰው ጫጫታ ይሰማል።

«ልጄ! አየሁት እኮ!»

«ምኑን ጋሼ? አገባ እንዴ?»

«ማግባቱን ተወው! ሲሮጥ አየሁት። ትከሻውን እንዲህ ጣል አድርጎ... እናቱ ስትቸኩል ልክ እንደዚህ ነበረች። እሷን እንደሚመስል አላውቅም ነበር እኮ!»

ያን ሁሉ ዓመት አሰልጣኙ «አቅና!» ሲል ጋሼ በጆሯቸው ሰምተዋል። አንድ ጊዜ ዞር ብለው ግን አላዩም።

ያኔ ከኋላዬ ስታዲየሙ አንድ ላይ ጮኸ። የፕላስቲክ ወንበሯ ከሥሬ ተርገበገበች።

«እናንተ ጋ ነው የሚጮኸው?» አሉኝ ጋሼ። «ማን አገባ?»

«አይታየኝም» አልኳቸው።