ጠጠር ላለቀበት የሚሰጥ ጌታ

በሆሳዕናና በዙሪያዋ ያላችሁ የተወደዳችሁ ወገኖቼ፣ ጌታ ያደረገልኝን ልመሰክር እወዳለሁ። በመካከላችሁ ቆሜ ብናገር ደስ ባለኝ፤ ግን የምኖረው ሩቅ ነው፣ ድምፄም በሰው ፊት ቶሎ ይሰበራል። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ከእናንተ አንዱ ያንብብልኝ። ረጋ ብላችሁ ስሙኝ። የኔ ነገር በእልልታ የሚያልቅ አይደለም። ቢሆንም ጌታ ይመስገን!

ወሬው የደረሰኝ አዲስ አበባ፣ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። ዘመኑ የደርግ ነው። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የትምህርት መርጃ መሣሪያዎችን አጠና ነበር፤ ዋናው ሥራዬ የልጆች ጨዋታ፣ በተለይ ገበጣ ነበር። ልጅ ጠጠሩን ከጉድጓድ ወደ ጉድጓድ ሲዘራ መደመርና መቀነስን ሳያውቀው ይማራል የሚል ሐሳብ ይዤ፣ እርሱን ለማስረዳት ደፋ ቀና እል ነበር። ያን ቀን ጋሽ ሸምሱ በሩን አንኳኩተው ገቡ። ጋሽ ሸምሱ ሆሳዕና የጨርቅ ሱቅ ያላቸው ነጋዴ ናቸው። እርሳቸው ሙስሊም፣ እኛ ጴንጤ፤ ነገር ግን አባቴ ሲሞት ድንኳኑን ያስተከሉት እርሳቸው ነበሩ። ሸቀጥ ሊያመጡ አዲስ አበባ ሲመጡ ወደኔ ብቅ ማለት ልማዳቸው ነው። ያን ቀን ግን ባርኔጣቸውን በእጃቸው እያሹ ቆሙ።

«ጋሽ ሸምሱ፣ በደህና ነው? እናቴ ናት?»

«እናትሽ ደህና ናት። ቁጭ በይ ልጄ።»

«አልቀመጥም፤ ይንገሩኝ።»

«ማቴዎስን ወሰዱት። ሆመቾ፣ ከሚያስተምርበት ክፍል ውስጥ፣ ተማሪዎቹ እያዩ። ጠመኔውን እንኳ እንዲያስቀምጥ አልጠበቁትም።»

«ምን አድርጎ?»

«ምን ያደርጋል? ልጆች ሰብስቦ መዝሙር አስተማረ ነው የሚሉት። ዘንድሮ መዝሙር ቦምብ ሆኗል።»

ማቴዎስ ታናሽ ወንድሜ ነው። ከእናቴ ማህፀን የወጣን እርሱና እኔ ብቻ ነን። እርሱ ሆመቾ አስተማሪ ሆኖ ቀረ፣ እኔ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጋ እናንተ በየእንሰቱ ጓሮ ተደብቃችሁ ስትጸልዩ፣ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ ነገሩ ብዙም አልከበደኝም ነበር። ወገኖች፣ ሰው የሚድነው በትምህርት ነው ብዬ ከልቤ አምን ነበር። ጸሎት የእናቴ ነገር ነው፤ መጽሐፍ የኔ ነው። እንዲህ ከፋፍዬ ነበር የያዝኩት።

የታሰረው ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ የእህል መጋዘን ውስጥ ነበር። እናቴ ከሌሞ ከቤታችን በጋሪ እየመጣች ቆጮ ታደርስለታለች፤ ቆጮውን በር ላይ ይቀበላሉ፣ እርሷን ይመልሷታል። እኔ ሌላ መንገድ አሰብኩ። በዚያ ግቢ ለእስረኞች የመሠረተ ትምህርት ክፍል ተከፍቶ ነበር። በገበጣ ቁጥር ማስተማር ይቻል እንደሆነ እዚያ ለማጥናት ፈቃድ ጠየቅሁ። ጥናቱ የእውነት ጥናት ነው፤ ልቤ ግን ወንድሜ ጋ ነበር። የግቢው ኃላፊ ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ጓድ ተመራማሪ፣ ሳይንስ ከሆነ ግቢ። ዘመድ ጥየቃ ከሆነ ግን በሩ እዚያ ነው።»

«ሳይንስ ነው» አልኩት።

ማቴዎስን ሳየው አላወቅሁትም። አንገቱ ቀጥኗል፤ ሲያስለው ደግሞ ወገቡን ይዞ ይጎነበሳል። እስረኞቹ ቀዩን አፈር በማንኪያ እጀታ ቆፍረው ገበጣ ሠርተው ነበር። ጥላው ሥር ተቀመጥኩና ማየት ጀመርኩ፤ ሌላ ምን ማድረግ እችላለሁ? መጀመሪያ ጨዋታው እንደምናውቀው ነው፤ ይዘራል፣ ይበላል። ነገር ግን የአንዱ ረድፍ ባዶ ሊሆን ሲል፣ እየመራ ያለው ከበላው ላይ ቆንጥሮ በሰውየው ጉድጓዶች ውስጥ ይጨምርለታል። ከዚያ ጨዋታው ይቀጥላል። ሌላው ሲመራ ደግሞ እርሱ በተራው ይሰጣል። እንዲህ ሆኖ ማለቂያ የለውም።

እኔ የተማርኩት ጨዋታ ማለት አሸናፊና ተሸናፊ ያለበት ነው። ስለዚህ እስረኞቹ ሕጉ ስላልገባቸው እየተሳሳቱ ነው ብዬ አሰብኩ። ላርማቸውም ሞከርኩ።

«እዚህ ላይ እኮ አሸንፈሃል» አልኩት ከፊቴ የተቀመጠውን የሌሞ ጋሪ ነጂ። «ለምን ትመልስለታለህ?»

ሰውየው ሳቀ። «ጓድ ተመራማሪ፣ ማሸነፍ የሚወዱት ውጭ ናቸው፤ ቁልፉም እነርሱ ጋ ነው።»

ሁሉም ሳቁ። ማቴዎስም ሲስቅ ሳሉ ያዘው። ከበረደለት በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገረኝ። «እትዬ፣ እዚህ ቤት ባዶ ረድፍ ፊት ቁጭ ያለ ሰው ማታ ምግቡንም ይተዋል። አይተነዋል። ስለዚህ እንዲያልቅበት አንፈቅድም። እኛ ራሳችን የተሰጠን ነን እኮ።»

አልገባኝም። ልነግረው የምፈልገው ሌላ ነገር ነበር። ኃላፊው፣ ማቴዎስ በሰልፍ ቦታ ወጥቶ «ተሳስቻለሁ፣ ዳግመኛ ልጆች አላስተምርም» ካለ በማግስቱ ይፈታል ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ደግሞ ወንድሜን በሕይወት ከዚያ ማውጣት ብቻ ነው የምፈልገው። ጎንበስ ብዬ ጠጠር የማነሣ መስዬ ለመንኩት።

«አንድ ቃል ነች ማቴ። በላቸው። በልብህ የፈለግኸውን ያዝ።»

«ሰልፍ ቦታ ማንን እንደሚሰበስቡ ታውቂያለሽ? የኔን ተማሪዎች። በእነርሱ ፊት ነው በል የሚሉኝ።»

«ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል።»

«ልጅ በጨዋታ ያየውን አይረሳም ብለሽ የጻፍሽው አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ብሎ ፈገግ አለ። «የራስሽን ጥናት ልታፈርሺ ነው?»

ወገኖቼ፣ ያን ፈገግታ ዛሬም አየዋለሁ። ተናድጄበት ነበር። እናታችንን አስቤ ነው የተናደድኩት።

በዚያው ሰሞን ወደ ምሥራቅ ጀርመን ለከፍተኛ ትምህርት የመሄድ ዕድል መጣ። ልተወው ነበር። ከዚያ፣ ዶክተር ተብዬ ብመለስ ቃሌ ይሰማል፣ ያኔ አስፈታዋለሁ ብዬ አሰብኩ። ልሰናበተው ስሄድ «ሂጂ፣ ብቻ ጸልዪልኝ» አለኝ።

«መጸለይ ረስቻለሁ።»

«እንግዲያው ስሜን ብቻ ጥሪ። የሚሰማው ይሰማል።»

ጠርቼ አላውቅም። በዚያ አገር ብርድና ሥራ ዋጠኝ። ቤተ መጻሕፍቱ ሞቃት ነው፣ ሰው ቸር ነው፣ እኔም የአስተማሪዎቼ ኩራት ነበርኩ። ከዚያ አንድ ቀን ከአገር ቤት አዲስ የመጣ የሆሳዕና ልጅ ምግብ ቤት ውስጥ ፊቴ ተቀመጠ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ዓይኑን ሰበረ።

«ማቴዎስ ክረምት ላይ በጣም ታሞ ነበር። ከዚያ ግቢ በመኪና ወሰዱት አሉ። አልተመለሰም።»

«የት ወሰዱት?»

«የሚያውቅ የለም። ሞቷል ነው የሚባለው። አስከሬን ግን አልሰጡም።»

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ልንገራችሁ፤ ማራዘሙ አይጠቅምም። መብላት አቃተኝ። ለማልቀስም ሰው ያስፈልጋል፤ እኔ ግን ብቻዬን ነበርኩ። ሐኪም ቤት አስገቡኝ። ዶክተሩ ሽማግሌ ሰው ነበር፤ ወረቀቱን አገላብጦ «ሳንባሽ ደህና ነው፣ ልብሽ ደህና ነው፣ ደምሽም ደህና ነው። የኔ እመቤት፣ ለምን ነው እየሞትሽ ያለሽው?» አለኝ። አስወጡኝ፣ ግን አልዳንኩም። ወደ ክፍሌ የሚወስደው ድልድይ ላይ ቆሜ ውኃውን የማይባቸው ቀኖች ነበሩ። ይህን ለመጻፍ አፍራለሁ፤ ግን ጌታ ከየት እንዳወጣኝ ካልነገርኳችሁ ምኑን መሰከርኩ?

እንዲህ ሳለሁ ጥናቴን በመምህራንና በተማሪዎች ፊት የማቀርብበት ቀን ደረሰ። ቀኑን ያላስተላለፍኩት ይተላለፍልኝ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት ስላልነበረኝ ነው። ገበጣውን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ የልጆቹን አጨዋወት አሳየሁ። በመጨረሻ የእስረኞቹን አሳየሁ። ያለቀበትን ረድፍ፣ ከዚያም የሚመራው ሰው ጠጠር ሲጨምርለት።

አንድ ወጣት ተማሪ እጁን አወጣ። «የሚመራው ለምን ይሰጣል? ምን ያገኛል?»

መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጨዋታው ስለሚረዝም ቁጥር ደጋግመው ይለማመዳሉ የሚል። አፌን ስከፍት የወጣው ግን ሌላ ነው። «ያኛው እንዳያልቅበት ስለሚፈልግ ነው» አልኩ።

«ታዲያ ይህ ጨዋታ አይባልም» አለ ልጁ፤ ክፉ ሆኖ አይደለም፣ ትክክል ነው።

ፕሮፌሰሯ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። «ጨዋታ ካልሆነ ምንድን ነው?»

የእነርሱ ቋንቋ ጠፋኝ። በአማርኛ «ጸጋ ነው» አልኩ። በዚያ ክፍል ማንም ቃሉን አያውቀውም፤ እኔ ግን ሰማሁት። ቅዱሳን ሆይ፣ ከአፌ የወጣውን ቃል ራሴ ሰማሁት! ዓመት ሙሉ ባዶ ረድፍ ፊት ቁጭ ያልኩት ሴት እኔ ነበርኩ። የምዘራው የለኝም፣ የምከፍለው የለኝም፣ ተሸንፌያለሁ። ጌታ ደግሞ ለኔ የሚጨምርልኝን በመስቀል ላይ ከራሱ ቆርሶ አስቀምጧል። ወንድሜ «የተሰጠን ነን» ያለኝ ይህን ነበር። ያኔ ያልገባኝን፣ እርሱ ከሌለ በኋላ፣ እግዚአብሔር የለም በሚባልበት አዳራሽ ገባኝ። ክብር ለስሙ ይሁን!

እዚያው ተቀመጥኩ። አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው ወረቀቱን ሰበሰበ፣ ተራው ወደሚቀጥለው ሄደ። እኔ ክፍሌ ገብቼ ተንበረከክሁ። ሌላ ጸሎት ስለማላውቅ የወንድሜን ስም ጠራሁ። እርሱን ብቻ እየደጋገምኩ አለቀስኩ፤ ከዚያም የጌታን ስም ጠራሁ። ሲነጋ ራበኝ። ዳቦ በላሁ። ለሌላ ሰው ምንም አይደለም፤ ለኔ ግን ያቺ ዳቦ ፈውሴ ናት። ሃሌሉያ!

ዛሬም በዚሁ አገር አለሁ። የትምህርት ቴክኖሎጂ አስተምራለሁ፤ ተማሪዎቼ አሁን ጨዋታ የሚሠሩት በኮምፒውተር ነው። እኔም እርጅና እየጀመረኝ ነው። ሌሊቱን በሰላም እተኛለሁ ብዬ አልዋሻችሁም። የማቴዎስን ሞት መልካም ነው አልልም፤ ጌታም እንድለው አልጠየቀኝም። የምለው ይህን ነው፤ የያዛችሁት ያለቀባችሁ፣ ተራችሁ ደርሶ የምታነሡት ያጣችሁ ካላችሁ፣ ጨዋታው አበቃ ብላችሁ አትነሡ። ኢየሱስን እመኑት። እርሱ ባዶ እጅ አይንቅም፤ በኔ ላይ አይቼዋለሁ።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። በዚያ መጋዘን ከማቴዎስ ጋር ታስራችሁ የነበራችሁ ወንድሞች በዚህ ጉባኤ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። ምናልባት በመኪና ሲወስዱት ያየ አለ። ምናልባት መቃብሩን እንድትቆፍሩ ያስገደዷችሁ አላችሁ። ዝም ያላችሁት ከፍርሃት እንደነበር አውቃለሁ፣ በማንም ላይ ቂም የለኝም። እናቴ ግን እስከ ዛሬ ለቅሶ አልተቀመጠችም። ደርግ ከወደቀ በኋላ እንኳ ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ «ልጄ ታስሯል እንጂ አልሞተም» ብላ ትመልሳለች። በመጋዘኑ በር ላይ የቆመ ወታደር በአማርኛ «ስሙ የለም» ካላት በቀር ማንም ምንም ነግሯት አያውቅም፤ እርሷ ደግሞ አማርኛውን በደንብ አትሰማም።

እባካችሁ፣ ለኔ አትጻፉልኝ። ወደ ሌሞ፣ ወደ እርሷ ሂዱ። ብቻችሁን ሳይሆን ሁለት ሦስት ሆናችሁ ሂዱ። አጠገቧ ተቀምጣችሁ፣ ያያችሁትን ሁሉ በሀዲይኛ ንገሯት። ክፉ ቢሆንም ንገሯት። ቦታውን የሚያውቅ ካለም እጇን ይዞ ይውሰዳት፤ እርሷም ልጇን አልቅሳ ትቅበር።