እናቴ ልት ፍለጋ የዞረችበት ቀን

ያ አረም ዛሬ ጠዋት እንደገና በቀለ! ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ግቢያችን፣ ከሲሚንቶው ስንጥቅ ውስጥ ልት አቆጥቁጧል። ክብ ቅጠሉን ዘርግቶ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ጣል ያለበትን ጥቃቅን ነጭ አበባውን አውጥቶ ቁጭ። ልነቅለው ጎንበስ ስል እጄ ላይ እንደ ተልባ ተሟለጨብኝ። ስንቴ ልንቀለው?

እስቲ ፍረዱኝ። የልጅነቴ ጠላት ይህ አረም ነበር። እናቴ ከጽጌረዳዋ አብልጣ ትንከባከበዋለች። እባጭ ለወጣበት ቅጠሉን ወቅጣ ትለጥፋለች፤ ጭርት ለያዘው ሥሩን ታሻለች። እኔን ግን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር "አትርገጪው!" ስትለኝ እርር ድብን እል ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ፣ አንድ ቅዳሜ የክፍል ጓደኞቼ ለጥናት ሊመጡ ሆነ። አረም የወረሰው ግቢ እንዲያዩብኝ አልፈለግሁም። እናቴ አዲስ ከተማ ገበያ ስትሄድ ጠብቄ ልቱን ከነሥሩ ነቀልኩና ለቆሻሻ ጋሪው ሰጠሁት።

ያን ዕለት ከሰዓት ላማችን ወለደች፤ የእንግዴ ልጁ ግን አልወርድ አለ። የምንኖረው በእሷ ወተት ነበር። እናቴ ልት ቀጥቅጣ ልታጠጣት ወደ ጓሮ ሮጠች። ባዶውን መሬት አየች፤ እኔንም አየች።

"የከብት ሐኪም እንጥራ" አልኩ።

"ሐኪሙ ከሰኞ በፊት አይመጣም" አለችና ነጠላዋን አንሥታ ወጣች።

በዚያ ፀሐይና አቧራ ከኋላዋ ተከተልኩ። በየበሩ ቆማ "ልት አላችሁ?" ትላለች። "የአንቺ ጓሮ ሙሉ አልነበር እንዴ?" ሲሏት "ዶሮ ጨረሰብኝ" ትላለች። እኔ በንዴት እጨሳለሁ። ለምን እውነቱን አትናገርም? ለምንስ አትመታኝም?

በስተመጨረሻ አንዲት ሲዳማ አሮጊት ከቤታቸው ጀርባ አንድ እቅፍ ነቀሉልን።

"ልት ለዶሮ ይተዋል? አንቺ ምን ዓይነት ሴት ነሽ?" ብለው እናቴን ተቆጧት።

እናቴ አንገቷን ደፍታ "እውነትዎን ነው፣ እማማ። ጥፋቱ የኔ ነው" አለች።

ላሟ ልቱን ጠጥታ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ የእንግዴ ልጁ ወረደ። ጓደኞቼ አልመጡም።

እኛ ቤት ዶሮ ኖሮ አያውቅም፤ ይህን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። እናቴ እስክትሞት ድረስ ነገሩን አንድ ቀን አላነሣችብኝም። ምነው አንዴ እንኳ በጮኸችብኝ! ያኔ ይቅር በይኝ እላት ነበር።