ዳሞት በር ስር ስትቀመጥ

ልጅ እያለሁ በቤታችን ወጥ የሚሞቀው በድመት ትእዛዝ ነበር። ቀልድ የሚመስለው ካለ አዲሱ ገበያ አካባቢ ያደገ የዕድሜ እኩያዬን ይጠይቅ፤ የእኛን ድመት የማያውቅ የሰፈር ልጅ አልነበረም። አባቴ የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ከጎጃም ጤፍ ጭኖ፣ እንጦጦን ዞሮ ቁልቁል ወደ ከተማ ሲወርድ ከቤታችን በታች ባለው አስፋልት ያልፋል። መቼ እንደሚመጣ ግን ማንም አያውቅም፤ ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ ነበረና። የምታውቀው ድመታችን ዳሞት ብቻ ነበረች።

ዳሞትን ያመጣት ራሱ አባቴ ነው። ጎጃም፣ ዳሞት አገር እህል ሲጭን ጆንያ መሃል ያገኛትን አመድማ ግልገል ጃኬቱ ውስጥ ሸጎጣት፤ ያን ሁሉ መንገድ ደረቱ ላይ ተኝታ መጣች፤ ስሟንም ከዚያው ይዛ መጣች። ከዚያ በኋላ ሌላ ሰው አልወደደችም። እንግዳ ሲገባ አልጋ ስር ትገባለች፣ እኔ ላቅፋት ስሞክር ጥፍሯን ታወጣለች። ለአባቴ ሲሆን ግን ጭኑ ላይ ወጥታ ኩርርር እያለች ዓይኗን ትጨፍን ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከተኛችበት የከሰል ጆንያ ላይ ድንገት ትነሳለች፣ ጆሮዋን ታቆማለች፣ ሄዳ የቆርቆሮው በር ስር ትቀመጣለች። እናቴ እያንጎራጎረች ያለችውን መዝሙር ሳታቋርጥ ቡታጋዙን ትለኩሳለች። እኛ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወት ልጆች ጠጠራችንን ጥለን ወደ ቁልቁለቱ እናያለን። ትንሽ ቆይቶ የአባቴ ኤንትሬ፣ ያ አፍንጫ የሌለው አሮጌ የጣሊያን መኪና፣ እያጓራ ኩርባው ላይ ብቅ ይልና ክላክስ ያደርጋል። ደርሻለሁ፣ አራግፌ እመጣለሁ ማለቱ ነው። እህሉን መርካቶ አራግፎ ሲገባ የተቃጠለ ፍሬንና የናፍጣ ሽታ ይዞ ይገባል። ያ ለእኔ የአባት ሽታ ነበር፤ ዛሬም ከባድ መኪና በአጠገቤ ሲያልፍ አፍንጫዬን ከመያዝ ይልቅ አየሩን ስስብ ሰው ይታዘበኛል።

ባለሱቁ ጎረቤታችን ጋሽ ሰዒድ፣ ድመቷ የምትሰማው የሞተሩን ድምፅ ነው፤ የድመት ጆሮ እንዲህ ዋዛ አይደለም ይሉ ነበር። እናቴ ግን በዚህ አትስማማም። እሷ የምታውቀው ሰውየውን እንጂ መኪናውን አይደለም ትል ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ የፈተና ሰሞን፣ ክላክሱ ቀረ።

ዳሞት እንደ ልማዷ ትነሳለች፣ በር ስር ትቀመጣለች፣ እናቴም ወጡን ታሞቃለች። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ክላክሱ ሳይሰማን ቀርቶ ይሆናል እያልን እንጠብቃለን። አባቴ አይመጣም። ወጡ ይቀዘቅዛል፣ እንደገና ይሞቃል፣ በመጨረሻ እኔ እበላዋለሁ። እሱ ቀናት ቆይቶ፣ አሁን ገና መግባቴ ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው እያለ ይመጣል። መጀመሪያ ድመቷ አረጀች ብለን ሳቅንባት። ሲደጋገም ግን እናቴ መሳቋን ተወች። ድሮ የአባቴን የመንገድ ሸሚዝ ስትዘፈዝፍ የሳፋው ውሃ ወዲያው ይጠቁር ነበር። ያን ሰሞን አንድ ቀን ሳፋው ላይ አጎንብሳ ውሃውን ስታይ አየኋት። ንጹሕ ነበር። ሸሚዙን ሌላ ሰው አጥቦታል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መዝሙሯን አቆመች። ያለ እሷ ድምፅ ቤታችን ያስፈራ ነበር። እኔም ነገሩ በደንብ ባይገባኝም ክፉ ነገር እንደመጣ አወቅሁ። ክፍል ውስጥ መምህሩ ስሜን ሲጠራ አልሰማም፤ ሐሳቤ ያለው የቆርቆሮው በር ጋ ነው። አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ አባቷ ሌላ ትዳር ይዞ ስለሄደ እናቷ ዕቃዋን እየሸጠች ወደ አገሯ ልትመለስ ነበር። እኛም ቤት ተራው የደረሰ መሰለኝ። ስለዚህ ድመቷ እንዳትነሳ ጸለይኩ። አንድ ቀን ስትነሳ እናቴ ሳታይ ብድግ አድርጌ ማድቤት ቆለፍኩባት። በሩን እየቧጠጠች እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናቴ መጥታ ከፈተችላት። አልተቆጣችኝም። የተቧጨረውን እጄን ውሃ እያፈሰሰች አጠበችልኝና፣ እሷ ምን አጠፋች ብላ ብቻ ጠየቀችኝ።

የተነጋገሩት አባቴ በመጣ ዕለት፣ ራት ላይ ነው። እጁን ታጥቦ ተቀምጧል፤ ዳሞት ጭኑ ላይ ናት።

"አንተ ዛሬ ገባሁ ትላለህ" አለች እናቴ ወጥ እያወጣች። "እሷ ደግሞ ከትናንት ወዲያ አልፏል ትለኛለች። ማናችሁን ልመን?"

አባቴ ሊስቅ ሞከረ፤ ደግሞ ድመት ምስክር ትሆን ጀመር አለ። እናቴ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን ሳይጨርስ ተወውና የዳሞትን ጀርባ እያሻሸ፣ እሷን እያየ ተናገረ፤ እኛን ማየት አልቻለም። ከእናቴ በፊት የወለዳት ልጅ አለችው። ልጅቷ ሕፃን ሳለች እናቷ ስለሞተች ሸጎሌ በእናቷ በኩል አያቷ ጋ ነው ያደገችው። አሁን አያትየዋ አልጋ ላይ ውለዋል፤ ልጅቷ ብቻዋን ታስታምማለች፤ እሱም ጭነቱን አራግፎ የሚያድረው እዚያ ነው። ሸሚዙን የምታጥበው ልጁ ናት። መጀመሪያ ሳይናገር ቀረ፤ ከዚያ ዓመቱ በረዘመ ቁጥር መናገሩ እየከበደው ሄደ።

እናቴ የወጡን ድስት ከደነች።

"ልጅ መኖሯ አይደለም" አለች በመጨረሻ። "ክላክስ ሳታደርግ በቤታችን ስር ማለፍህ ነው።"

በማግስቱ የእናቴ ሻንጣ ከቁም ሳጥኑ አናት ወርዶ አልጋው ግርጌ ተቀመጠ። ባዶ ይሁን ሙሉ አላውቅም፤ ለመክፈት ፈራሁ። ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው፤ ከትምህርት ቤት እየሮጥኩ የምመጣውም መኖሩን ለማየት ነው። የቤተ ክርስቲያን እህቶች መጥተው ከእናቴ ጋር በር ዘግተው ጸለዩ። ምን ብለው እንደጸለዩ ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ብለጥፍ የሚሰማኝ ዝናቡ ብቻ ሆነ።

አያትየዋ ክረምቱን አላለፉትም። ከቀብሩ በኋላ፣ አንድ ከሰዓት፣ አባቴ ልጅቷን ይዞ በራችን ላይ ቆመ። ዝናሽ ትባላለች። ከእኔ ትበልጣለች፤ ጥቁር ሻሽ አስራለች፤ ልብሷ በፌስታል ነው። አባቴ ደፍሮ አልገባም። እናቴ ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። በዚህ መሃል ዳሞት ከአልጋ ስር ወጣች። እንግዳ ሲመጣ ስትገባ እንጂ ስትወጣ አይተን አናውቅም። መዳፏ እንዲረጥብባት የማትፈልገው ድመት ጭቃውን አቋርጣ ሄዳ የዝናሽን እግር ታከከች። ዛሬ ሳስበው፣ አባቴ በልብሱ ይዞት ሲመጣ የኖረውን የልጅቷን ጠረን አግኝታ ይሆናል። ያኔ ግን የተሰማኝ ቅናት ነው። ከእሷ ጥፍር እንጂ ሌላ ያላተረፍኩት እኔ ቆሜ እያየሁ ለማታውቃት ልጅ ኩርርር አለች።

እናቴ ድመቷን አየች፤ ልጅቷን አየች።

"ይቺስ ካወቀችሽ ቆይታለች" አለች። "ግቢ ልጄ፣ ዝናብ ይመታሻል።"

ዝናሽ ገባች። አባቴን ግን እናቴ አላስገባችውም፤ ብዙ ቀን ጋቢና ውስጥ አደረ። ይቅርታ ካገኘ በኋላ ክላክሱን ከኩርባው ጀምሮ ሳያቋርጥ ስለሚያስጮኸው ጋሽ ሰዒድ፣ በቃ ሰምተናል በሉት ብለው ላኩብን። ሻንጣው ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ወጣ፤ እናቴም ቀስ በቀስ ወደ መዝሙሯ ተመለሰች።

አባቴ ሲደክመው ኤንትሬውን ሸጠው። የገዛው ሹፌር በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር፤ ያው ሞተር እያጓራ ሲወርድ እኔና ዝናሽ እንሰማዋለን። ያረጀችው ዳሞት ግን አባቴ እግር ስር እንደተኛች ጆሮዋን እንኳ አታነሳም። እናቴ ይህን ባየች ቁጥር፣ ብያችሁ አልነበር ወይ ትለን ነበር።

ዛሬ አባቴም ዳሞትም የሉም። እኔ ከከተማው ሌላ ጫፍ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እኖራለሁ። ባሌ የት እንደደረሰ ስልኬ ያሳየኛል፤ ወጡም በማይክሮዌቭ ይሞቃል። ልቤ ግን እስካሁን አይረጋም፤ እሱ ለሥራ ጉዞ እንኳ ሻንጣ ሲያወርድ ከፍቼ ውስጡን አያለሁ። ጉለሌ፣ በድሮው ቤታችን እናቴ ጋ የቀረችው ዝናሽ ናት። የእናቴ ጉልበት ደክሟል፤ የምታነሳትም የምታስቀምጣትም፣ መድኃኒቷን የምትሰጣትም እሷ ናት። የወለደችኝ እኔ መንገዱ ተዘጋ፣ ታክሲ ጠፋ እያልኩ አልፎ አልፎ ብቅ እላለሁ። ስልክ ግን ማታ ማታ እደውላለሁ። የምታነሳው ዝናሽ ናት። እማዬ በልታ ተኝታለች፣ አንቺም ተኚ ትለኛለች። ልጅ ሆነን እናቴን "እማዬ" ብላ ስትጠራት ምን ያህል እበግን እንደነበር እኔ ነኝ የማውቀው። ዛሬ ያንን ቃል ከእሷ አፍ ሳልሰማ እንቅልፍ አይወስደኝም።