ሠላሳ ሁለቱ በጎች

እኔ በሞላሌና በመሐል ሜዳ መካከል ባለው አገር ያለ መምህር የተማርኩ ሰው ነኝ። የትምህርት ቤት ወንበር ላይ አንድ ቀን ሳልቀመጥ ንባብም ስሌትም አውቃለሁ። ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ከማንም በፊት አስልቼ እናገራለሁ፤ ቄሳችን እንኳ ሲጠራጠሩ ሰው ወደ እኔ ይልካሉ። መሬት ለኪዎች መጥተው ገመዳቸውን ዘርግተው ሳይጨርሱ የማሳውን ስፋት በእርምጃዬ ነግሬያቸው አፋቸውን ይዘዋል። ለመኩራራት አይደለም የምልህ። ቢሆንስ? ያወቀ ሰው አወቅሁ ቢል ምን ነውር አለው?

ዘንድሮ ግን አንዲት እፍኝ ባቄላ አንገቴን አስደፋችኝ።

የልጅ ልጄ መሐል ሜዳ ትማራለች። በሒሳብ ወደ ኋላ ቀረች ተብሎ ወላጅ ተጠራ፤ አባቷ ስላልተመቸው እኔ ሄድኩ። መምህርቷ ጠረጴዛው ላይ ባቄላ በሁለት ቦታ በተነችና «የቱ ይበዛል?» አለቻት። ልጅቷ በጣቷ አንድ በአንድ እየነካች ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ መሐል ላይ ጠፋባት፤ እንደገና ጀመረች። 

«አባቴ፣ ስንፍና እንዳይመስልዎ» አለችኝ መምህርቷ። «እርስዎ ሦስት ባቄላ ሲያዩ ሳይቆጥሩ ሦስት መሆኑን ያውቁታል፤ አእምሮዎ ብዛቱን ባንዴ ያነሳልዎታል። የእሷ አእምሮ ብዛትን የሚይዝበት መንገድ ከሌላው ልጅ ይለያል። ሰባት የሚለውን ስም ከሰባቱ ባቄላ ጋር ማገናኘት ይከብዳታል። በዱላ አይመጣም፤ በቀስታ፣ በሌላ መንገድ ነው።»

ሌላም ብዙ ነገረችኝ፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ አልሰማኋትም። ደረቅ ባቄላ እንጨት ላይ ሲንኳኳ የሚያሰማው ድምፅ ወደ እህቴ ወስዶኝ ነበር።

የመንደራችን ትምህርት ቤት ሲከፈት አባታችን ማስገባት የሚችሉት አንድ ልጅ ብቻ ነበር። እኔ ሞፈር የምጨብጥ ጎረምሳ ሆኛለሁ፤ ገብሱን ማን ይረስ? ስለዚህ ታናሽ እህቴ ገባች። እኔ ከእርሻ ስመለስ፣ እጄ አፈር አፈር እየሸተተ፣ ደብተሯን እየነጠቅሁ ማንበብ ጀመርኩ። ፊደሉን እሷም ባንድ ዓመት ጨረሰችው። ቁጥር ላይ ግን ቆመች። «ስድስት ይበልጣል ወይስ ዘጠኝ?» ስላት መልሱ ግንባሬ ላይ የተጻፈ ይመስል ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። ዛሬ በጠጠርና በባቄላ ያስያዝኳት ነገ የለም።

«አንቺ፣ ጭንቅላትሽ ወንፊት ነው» እላታለሁ።

«ወንፊት ባይኖር እብቅ ትበላ ነበር» ትለኛለች እየሳቀች።

በኋላ ግን መሳቋን ተወች። አስተማሪው «ልጅቱ አትገፋም» ብሎ ላከ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ከራቤል አገር ሽማግሌ ልከው የሚጠይቋት ሰዎች ነበሩ። አባታችን አንድ ቀን አሰቡበትና ፈረዱ፦ «በጎቹ በረት ሲገቡ ትቁጠር። ከቆጠረች ትማር። ካቃታት ለሰዎቹ እሺ እላለሁ።»

በእኛ አገር በግ የሚቆጠረው በበረቱ በር ላይ ነው። አባታችን ዱላቸውን በሩ ላይ ያጋድማሉ፤ ከፍ ሲያደርጉት አንድ ትገባለች፤ ይመልሱታል። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጉም ወርዶ የረጠበ ሱፍ ሽታ አካባቢውን ሞልቶታል። እኔ በአንድ ወገን ቆሜ እቆጥራለሁ፤ እህቴ በሌላው። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። የእያንዳንዷን በግ ፊት ብቻ ትመለከት ነበር።

«ስንት ገባ?» አሏት።

«የማዶዎቹ በግ ከእኛ ጋር ገብታለች» አለች። «የእኛዋ ጆሮ ቆራጣ ደግሞ የለችም።»

«ስንት ነው ያልኩሽ?»

ዓይኗን ወደ በረቱ መለሰች። አባታችን ወደ እኔ ዞሩ።

«ሠላሳ ሁለት፣ ሙሉ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ልክ ነበርኩ። ሠላሳ ሁለት በጎች ነበሩን፤ ሠላሳ ሁለት ገቡ።

«ሙሉ እየተባለ እሷ ትጎድላለች ትለኛለች!» ብለው አባታችን ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ደስ አይልም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እሳቸው ቤተ ክርስቲያን እንደ ሄዱ የማዶው ሰውዬ ገመድ ይዞ መጣ። «በጉሙ ተሳስታ ከናንተ ጋር ሳትገባ አትቀርም» አለኝ። ገብቼ ፈለግሁ። ነበረች። አውጥቼ ሰጠሁት። እህቴ እንስራዋን አዝላ ከምንጭ ስትመለስ አየችን። ሰውዬው እስኪርቅ ድረስ ከነሸክሟ ቆመች።

«ለአባባ ንገራቸው» አለችኝ። ሌላ ቃል አልጨመረችም።

«እሺ» አልኳት።

አልነገርኳቸውም። ቁጥሬ ልክ ነበር፣ ምን አጠፋሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱን ልንገርህ? እሷ ከወጣች ወንበሩ ለእኔ ይደርሳል ብዬ ነበር። የዚያን ቀን በጎቹ ሲገቡ ሠላሳ አንድ ሆኑ፤ አባታችን «ዛሬ ቀበሮ ወስዶብናል» አሉ። ማታ ምድጃው ዳር እህቴ በጭሱ ማዶ አየችኝ። እኔ እሳቱን ቆሰቆስኩ።

ከፋሲካ በኋላ በበቅሎ ጭነው ወደ ራቤል ወሰዷት። ከመነሳቷ በፊት ደብተሯን ሰጠችኝ። «አንተ ጨርሰው» አለች፣ ያለ ቂም። የወንበሩን ነገር ሳነሳ አባታችን «አንተማ አውቀኸው የለም እንዴ! ምን ያደርግልሃል?» ብለው ወደ ማረሻው መለሱኝ።

ዛሬ በግ ሲገባ ባየሁ ቁጥር መቁጠር እጀምርና እተወዋለሁ። ፊታቸውን ለማየት እሞክራለሁ። ሁሉም አንድ ይሆኑብኛል።

እንግዲህ በዕድሜዬ ያደረግሁትን ልቁጠርልህ። ከዚያች አንዲት ደብተር ማባዛትንና ማካፈልን ተማርኩ። የበዓላቱን ስሌት ቄሶቹ ሲያሰሉ እየሰማሁ ያዝኩ። የቤተ ክርስቲያናችን ጣሪያ ስንት ቆርቆሮ እንደሚፈጅ አስቀድሜ ተናገርኩ፤ አንድም አልተረፈ፣ አንድም አልጎደለ። አምስት ልጆች አሳደግሁ፣ አምስቱንም አስተማርኩ። ዘንድሮ ልጄ «ይቺ ልጅ አልሆነላትም፣ ትውጣ» ሲል ዱላዬን በሩ ላይ አጋድሜ ትማራለች አልኩት፤ አሁንም እየተማረች ነው። ራቤል ሦስት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱን ጊዜ ቤቷ በልቼ ጠጥቼ፣ ያን ቀን ለአባባ ለምን እንዳልተናገርኩ ሳልነግራት ተመለስኩ። በሦስተኛው የምነግራት ሰው አልነበረችም፤ አፈር አልብሼ መጣሁ።