የምህረት ቢ ፕላስ እና የጋሽ ዳንጊሶ ጥያቄ

ቢ ፕላስ! ምህረቴ ቴርሞዳይናሚክስ ቢ ፕላስ አገኘች!

ሰላም ሳልላችሁ ነው፣ ይቅርታ። ግሬዱ አሁን ነው የተለቀቀው። አላመንኩም፤ «ዝጊና እንደገና ክፈቺው» እያልኳት ሦስቴ ከፈተችው። ያው ቢ ፕላስ ነው!

የምታውቁን ታውቃላችሁ። ልጄ ባለፈው ዓመት በዚህ ኮርስ ኤፍ አገኘች። ዘንድሮም ብትወድቅ ከዩኒቨርሲቲው ትባረር ነበር።

ታዲያ ይሄን ደስታ መጀመሪያ መስማት የነበረባቸው ሰው የሉም። ተከራያችን፣ ጡረታ የወጡት የፊዚክስ መምህር ጋሽ ዳንጊሶ ካረፉ ወር አልሞላም። ያኔ አንድ መስመር እንኳ መጻፍ አቅቶኝ ነበር፤ ዛሬ ግን ማን ያስቆመኛል!

ታመው እንኳ በየቀኑ አሥር ሰዓት ሲሆን በረንዳው ላይ ወንበር አስወጥተው «ምህረት፣ ነይ!» እያሉ ያስጠኗት ነበር። አንድ ቀን የሳይክል ፖምፓ አመጡ። አፉን በአውራ ጣታቸው ደፍነው «አስቴር፣ አንቺ ጉልበት አለሽ፣ ግፊ» አሉኝ። አምስት ስድስቴ ስገፋ ጫፉ ሞቀ!

«ጋሼ፣ ምን አድርገውበት ነው?»

«እኔ ምንም። እሳትም አልነካውም። አየሩን ጨምቀሽ ያሞቅሽው አንቺ ነሽ፤ የክንድሽ ሥራ ነው።»

ያን ሰሞን ሰፈሩን ሁሉ በፖምፓ አስቸገርኩት።

የምህረት ችግር አንድ ነበር። ጋዙ ሲሰፋ የሚሰጠውን ሥራ ታሰላለች፣ ደስ ይላትና እዚያው ታቆማለች። ጋሼ ታዲያ «መመለሻውስ?» ይላሉ። ጋዙን ጨምቆ ወደ ተነሳበት መመለስም ሥራ ይበላል፤ ያ ተቀንሶ የተረፈው ነው የተጣራው ሥራ። ዙሩ ሲዘጋ ደግሞ የውስጥ ኢነርጂው እንደነበረ ስለሚሆን፣ ከገባው ሙቀት የወጣው ሲቀነስ ከዚሁ ሥራ ጋር እኩል መምጣት አለበት። ስንቴ ሰማሁት! አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ አሞራ ገደል ገበያ ዓሣ የምሸጠው ሴት በቃሌ ያዝኩት።

ጋሼ ሲያርፉ ምህረት ደብተሯን ዘጋች። ፈተናው ሳምንት ቀርቶታል። «እማ፣ በቃኝ፤ ያለ እሳቸው አልችልም።»

ሄጄ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አልኩ። «ሥሪ፣ እኔ አለሁ።»

«አንቺ? አዲያባቲክ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም። መመለሻውስ?»

«እማ፣ አታሹፊ!» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ወረቀቱን አየችው። መመለሻውን ረስታዋለች! እስክሪብቶዋን አነሳች፣ ቀነሰች፣ ከሙቀቱ ጋር ልክ መጣላት። ሳቅን፣ አለቀስን። ሳምንቱን ሙሉ እንዲያ ስንሠራ ከረምን፤ እሷ ታሰላለች፣ እኔ እጠይቃለሁ።

ጋሽ ዳንጊሶ፣ ልጅዎ አልተባረረችም። ሳላመሰግንዎት ሄዱብኝ፤ ይኸው በሰው ሁሉ ፊት አመሰግናለሁ። እንግዲህ አረፍ ይበሉ፣ መምህር፤ ደህና ይሁኑ። ድግሱ የእርስዎም ነው። እናንተም ሰምታችኋል፤ ዓሣው ከኔ፣ ቅዳሜ ሰባት ሰዓት ቤታችን፣ አንድ ሰው እንዳይቀር!