የወገዳው ወንድም

«ጠባሳው አንሶህ ደግሞ በምራቅ ትጠነቁል ጀመር?»

«እኔ አይደለሁም ጋሼ። ወንድምና እህት አይደሉም ያለው ምርመራው ነው።»

«ምርመራው! እናቴ ስታምጥ ቆሞ አይቷል?»

ከወገዳ የመጣው ሰውዬ ቤታችን መሀል ቆሞ ይጮሃል። እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣ የግራ እጇን አንጓ ታሻለች። እዚያ ላይ የሕፃንነት የእሳት ጠባሳ አላት። በክፉ ቀን፣ እህል ከአገር በጠፋበት ዘመን፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ላይ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ አንስተው ያሳደጓት አንድ መሪጌታ ናቸው። ማን እንደተዋት እሳቸውም አያውቁም ነበር።

እህቴ ስትታጭ የወንዱ ሽማግሌዎች እንደ ደንቡ ሰባት ቤት ሊቆጥሩ መጡ። የአባቴን ወገን ቆጠሩ። እናቴ ጋ ሲደርሱ ከራሷ የሚያልፍ ስም አጡና «ዘር ሳናውቅ ደም አንቀላቅልም» ብለው ተነሡ። እናቴን እስኪመሽ ድረስ የተበጠረ ገብስ መልሳ ስታበጥር አየኋት።

ፍለጋ የወጣሁት ከዚያ በኋላ ነው። ወገዳ ገበያ ላይ በግ የሚሸጥ ሰው፣ አባቱ በስደት መንገድ ላይ ትንሽ እህቱን እስቴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ እንደተዋት፣ እጇም ጠባሳ እንደነበረበት፣ ሳልጠይቀው ነገረኝ። አገናኘኋቸው፤ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ሽማግሌዎቹ ግን «ጠባሳ የሌለው ማን አለ?» አሉ። ዲኤንኤ የሚባለውን ከስልኬ ያነበብኩት እኔ ነኝ። ከሁለቱም ጉንጭ በጥጥ ተወስዶ አዲስ አበባ ተላከ። እሱ አፉን ከፍቶ፣ «እንደ በሬ ጥርሴን አይተህ ልትገዛኝ ነው?» እያለ ይስቅ ነበር።

አሁን አይስቅም።

አብረውት የመጡት የአባቱ እህት፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡት ባልቴት፣ ምርኩዛቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ምራቅ ከፈለጋችሁ የእኔን ነበር መውሰድ።»

«ምን ማለትዎ ነው እትዬ?» አልኳቸው።

በእኛ አገር መውለድ ያቃተው ሰው የሌላ ልጅ ሲወስድ አውራ ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል። የጡት ልጅ ይባላል። የሥጋ አይደለም ብሎ የሚነግረው እንዳይኖር ዘመድ ሁሉ በቄስ ይገዘታል።

«ግዝቱ በእኔ ላይ ይሁን» አሉ ባልቴቷ። «ወንድሜ ልጅ አልሆንለት ሲል አንተን ማር አጠባህ፤ ገና ጨቅላ ነበርክ። የአብራኩ ልጅ፣ እሷ፣ ስንት ዘመን ቆይታ ተወለደች። ዝም ብዬ ልሞት ነበር። ግን ይቺን ሁለተኛ ደጅ ላይ አልጥላትም።»

እናቴ ፊት ላይ ደስታ ብልጭ ሲል አየሁ። ወዲያው አፈረችበትና ጎንበስ አለች።

ሰውዬው ጥጡ የነካውን ጉንጩን በመዳፉ ያዘ።

«ታዲያ እኔ የማን ነኝ?»

«አላውቅም ልጄ። ያመጣህ ወንድሜ ነው፤ ከማን እንደወሰደህ ለእኔም አልነገረኝ።»

እናቴ ተነሥታ ጋቢውን ያዘች። «ወንድምዓለም፣ ተቀመጥ እንጂ። እኔ እህትህ አይደለሁም?»

ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ ሳይቆጣ፣ ከጋቢው ላይ አላቀቀ።

«እትዬ አሉልሽ» አላት። «ሰባት ቤትሽን ከሳቸው ጋር ቁጠሪ።»

ዱላውን ከጥጉ አንሥቶ ወጣ። የቆርቆሮው በር ከኋላው ተዘጋ።