ወራጅ አለ ለማለት የሚያፍረው ሰውዬ

ልጅ ሳለሁ ተረት የሰማሁት ምድጃ ዳር ተቀምጬ አይደለም። አሁንም ልጅ ነሽ የሚሉኝ አሉ። ዘጠነኛ ክፍልን ባለፈው ሰኔ በጭንቅ የጨረስኩ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ስለሆንኩ አልፈርድባቸውም። ግን እኔም «ያኔ» ብዬ የምጠራው ጊዜ አለኝ። ያኔ ስቶክሆልም ዳር ባለችው ሁስቢ፣ ከእኛ ቤት አንድ ፎቅ ዝቅ ብሎ፣ በጋሽ ዘውዴ ሳሎን ውስጥ፣ ፍም የሚመስል ነገር ቢኖር የቴሌቪዥኑ ትንሽ ቀይ መብራት ብቻ ነበር። በብርዱ ወራት ውጭው ገና ከትምህርት ቤት ስመለስ ይጨልማል። እሳቸው የሳሎኑን መብራት አያበሩም። የቴሌቪዥኑ ብርሃን ግድግዳው ላይ አንዴ ሰማያዊ አንዴ ግራጫ እየሆነ ሲንቀሳቀስ፣ መስኮቱ ሥር ያለው ማሞቂያ ውስጡ ውሃ እየሄደ ሲንጫጫ፣ እኔ ጫማዬን አውልቄ እግሬን ሶፋው ላይ አጥፌ እቀመጥ ነበር።

ከጋሽ ዘውዴ ጋር የተዋወቅነው በእናቴ ስህተት ነው። ከአዲስ አበባ በመጣን በሁለተኛው ሳምንት፣ ስድስት ዓመቴ ነበር፣ አውቶቡስ ውስጥ ነበርን። እዚህ አገር መውረድ የፈለገ ሰው ቀዩን ቁልፍ ተጭኖ ዝም ይላል፤ እናቴ ይህን አላወቀችም። ፌርማታችን ሲቃረብና አውቶቡሱ ፍጥነቱን ሳይቀንስ ስታይ ተነሥታ፣ አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ እንደለመደችው፣ «ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሁሉ ዞሮ አየን። እኔ ፊቴን ካፖርቷ ውስጥ ቀበርኩ። ሹፌሩ ግን በመስታወቱ እያዩን፣ በጠራ አማርኛ፣ «አለ እንዴ? ወራጅ ካለማ እናቆማለን፣ እመቤት!» አሉ።

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ወይኔ! ሐበሻ ነዎት እንዴ?»

«ሠላሳ ዓመት ስነዳ እንዲህ ብሎ ያስቆመኝ ሰው የለም» አሉ እየሳቁ። «እዚህ አገር ሰው በጣቱ ነው የሚናገረው።» ቁልፉን አሳዩን። የት እንደምንኖር ሲጠይቁና እናቴ ስትነግራቸው ደግሞ፣ ያው የእሳቸው ሕንፃ፣ ያው የእሳቸው መግቢያ ሆኖ ተገኘ።

ጋሽ ዘውዴ በወጣትነታቸው ኢንጂነሪንግ ሊማሩ መጥተው፣ ትምህርቱን ትተው መሪ የጨበጡ ሰው ናቸው። በሚቀጥለው ዓመት ጡረታ ወጡ። እናቴ በዚያው ሰሞን አየር ማረፊያው ውስጥ አውሮፕላን የማጽዳት ሥራ አገኘች። ከሁስቢ በአውቶቡስ ወደ ሶለንቱና፣ ከሶለንቱና በባቡር ወደ ሜርስታ፣ ከሜርስታ ደግሞ በአውቶቡስ ትሄዳለች፤ ፈረቃዋ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔን የሚይዝልን ሰው ስለጠፋ ጋሽ ዘውዴ፣ «እኔ ምን ሥራ አለኝ? እንግዲህ አንድ ተሳፋሪ ይኑረኝ» አሏት።

ያኔ ትምህርት ቤት አልናገርም ነበር። መምህሬ ለእናቴ፣ «ልጅሽ ሁሉንም ትሰማለች፣ አፏ ብቻ አይከፈትም» ብላታለች። ጋሽ ዘውዴ ስለዚህ ነገር አንድም ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም። ሻይ ይቀዱልኛል፣ ደረቁን የስዊድን ቂጣ ቅቤ ቀብተው ይሰጡኛል፣ ከዚያ ከሶፋው ጀርባ ካለው ሣጥን አንድ ዲስክ ያወጣሉ። ሁሉም እናቴ ሳትወለድ የተሠሩ የእንግሊዝ ኮሜዲዎች ናቸው፣ ሁሉም ስለ አውቶቡስ። ቀይ ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ፣ በር የሌለው የኋላ መውጫ፣ አንገቱ ላይ የቲኬት ማሽን ያንጠለጠለ ቲኬት ቆራጭ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ጋራዡ በር ላይ የሚጠብቅ አለቃ። ለምን እንደሚያዩዋቸው ስጠይቃቸው፣ «መኪናው ነው የሚያምረኝ፤ ሰዎቹን እኔ አስተካክላቸዋለሁ» ይሉኝ ነበር።

እውነትም ያስተካክሏቸው ነበር። ዲስኩ ሲጀምር መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር ድምፁን ማጥፋት ነው። በነዚያ ኮሜዲዎች ውስጥ የማይታዩ ሰዎች በየደቂቃው ይስቃሉ፤ ጋሽ ዘውዴ እነሱን አይወዷቸውም። «እነዚህ ሳቂዎች እኛን አይጠብቁም። ይውጡልን!» ብለው ቁልፉን ይጫናሉ። ከዚያ ቤቱ ጸጥ ይልና ተረቱን ራሳቸው ያወሩልኛል። ሁለት አውቶቡሶች መንገድ ላይ ሲተላለፉ ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ ብድግ ይልና በሁለት ጣት ለዚያኛው ሹፌር ሰላምታ ይሰጣሉ። ስቶክሆልም ውስጥ ሹፌሮች እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ቴሌቪዥን ውስጥ ላለ ሹፌር ግን ሰላምታ የሚሰጥ ሰው ከእሳቸው ሌላ አላየሁም።

የተረታቸው ዋና ሰው ሹፌሩ አልነበረም፣ አለቃውም አልነበረም። ከኮሜዲዎቹ በአንደኛው፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ መስኮት ዳር የሚቀመጥ ቡናማ ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ አለ። ቆዳው እንደ እኛ ጥቁር ነው። በየክፍሉ ብቅ ይላል፣ ትንሽ ይታያል፣ ይጠፋል። ጋሽ ዘውዴ እሱ ሲመጣ ወደ ቴሌቪዥኑ ጠጋ ይላሉ።

«ያውልሽ ወዳጃችን። አሁንም አልወረደም።»

«ለምን?»

«ወራጅ አለ ማለት ያፍራላ! ከተሳፈረ ስንት ጊዜው። ፌርማታው ሲደርስ አፉን ይከፍታል፣ ድምፁ እንቢ ይለዋል፣ አውቶቡሱ ያልፋል። ታዲያ አትዘኚለት። ከላይ ሆኖ ከተማውን ሁሉ ያውቀዋል። የትኛዋ ሴትዮ መስኮቷ ላይ ምን አበባ እንዳላት፣ የትኛው ውሻ ዝናብ እንደሚፈራ፣ ሁሉንም።»

አንዳንዴ ቲኬት ቆራጩ መጥቶ ሰውዬው ላይ ጎንበስ ይልና ጆሮው አጠገብ የሆነ ነገር ይናገራል። ያን ጊዜ ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ ያዞራል። ጋሽ ዘውዴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አየሽ፣ ቲኬት ቆራጩ ሲጨንቀው የሚያማክረው እሱን ነው። እሱ ደግሞ ቶሎ አይመልስም፣ መጀመሪያ ያስባል» ይሉኝ ነበር። እኔም ያ ዝምተኛ ሰውዬ አውቶቡሱ ውስጥ ካሉት ሁሉ አዋቂው እንደሆነ አምኜ አደግሁ። ትምህርት ቤት ልጆች ሲከቡኝና እኔ ዝም ስል፣ የማስብ ይመስለኝ ነበር።

ዲስኩ ሲያልቅ ሁልጊዜ እጠይቃለሁ፦ «ወረደ?»

«ገና ነው።»

«መቼ ነው የሚወርደው?»

«ድምፁ ሲመጣለት።»

አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላኝ ቤቲ የምትባል ልጅ ክፍላችን ገባች። ወላጆቿ የእኛው አገር ሰዎች ናቸው፣ እሷ ግን እዚሁ ተወልዳ ያደገች ናት፤ አማርኛ ትሰማለች፣ መልሷ በስዊድንኛ ነው። አብራኝ ምሳ የበላች የመጀመሪያ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን ቤትሽ ልምጣ አለችኝ። እናቴ ሥራ ላይ ስለነበረች ይዣት ወደ ጋሽ ዘውዴ ወረድኩ። በጣም ደስ አላቸው፤ ቂጣውን ለሁለታችንም ቀቡልን፣ የቡናማ ባርኔጣውን ሰውዬ ዲስክ መረጡልን፣ ድምፁን አጠፉና ጀመሩ።

ቤቲ ጥቂት ካየች በኋላ በስዊድንኛ፣ «ድምፁ ለምን ጠፋ? እኚህ ሽማግሌ የሚያወሩት ከጽሑፉ ጋር አይገናኝም እኮ» አለችና ሳቀች። ከሥዕሉ ሥር የሚያልፈውን የስዊድንኛ ጽሑፍ እኔም በዚያን ጊዜ ማንበብ እችል ነበር፤ ጋሽ ዘውዴ ሲያወሩ ግን አላነበውም። ያን ቀን ጥቂት መስመር አነበብኩ። ቤቲ ደግማ እንድትመጣ ፈልጌ ነበር። ከእሷ ጋር ሳቅሁና በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፣ እንዲህ አልኩ፦

«ጋሼ፣ እንደሱ እኮ አይልም። ይሄ ሰውዬ ምንም አይናገርም። ታሪኩ ውስጥም የለም።»

ጋሽ ዘውዴ አዩኝ። አልተቆጡም። ብቻ፣ «ልክ ነሽ፣ የኔ ልጅ» አሉና ድምፁን ከፈቱት። የማላውቃቸው ሰዎች ሳቅ ሳሎኑን ሞላው።

ከዚያ ወዲያ ድምፁን አጥፍተውት አያውቁም። ስሄድ ሻዩ አለ፣ ቂጣው አለ፣ ዲስኩ ይከፈታል፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ዝም ብለው ያያሉ። እኔ ሥዕሉንም ጽሑፉንም ትቼ የእሳቸውን እጅ አይ ነበር። ይቅርታ ለማለት ብዙ ቀን አሰብኩ፣ አፌ ላይ እየደረሰ ተመለሰ። ቤቲም ደግማ አልመጣችም። እኔም ቀስ በቀስ «ብቻዬን መቆየት እችላለሁ» ማለት ጀመርኩና ወደ ታች መውረድ ተውኩ። ደረጃው ላይ ስንገናኝ፣ «ደህና ነሽ ተሳፋሪዬ?» ይሉኛል፤ ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ባለፈው ክረምት ጋሽ ዘውዴን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ወደ አረጋውያን መኖሪያ ገቡ። ቤታቸውን ባዶ ያደረገው የወንድማቸው ልጅ በራችንን አንኳኩቶ ሣጥኑንና አሮጌውን ማጫወቻ ለእናቴ ሰጣት። «ለላይኛዋ ተሳፋሪ የሚል ተጽፎበታል፤ እናንተን ማለታቸው መሆን አለበት» አለ።

ሣጥኑ አልጋዬ ሥር ብዙ ቆየ። አንድ እሑድ፣ እናቴ ሥራ ስትሄድ፣ ከፈትኩትና የባርኔጣውን ሰውዬ ዲስክ አስገባሁ። አሁን እንግሊዝኛውም ይገባኛል። ድምፁን ሳላጠፋ አየሁት። ሰውዬው ሁለተኛው ፎቅ ላይ እንደተቀመጠ ነበር። ቲኬት ቆራጩ መጣ፣ ጎንበስ አለ፣ ጆሮው አጠገብ ተናገረ። የተናገረውን እዚህ አልጽፈውም። ስለ ቆዳው ነው፣ ስለ መጣበት አገር ነው። ሰዎቹ ሳቁ። ሰውዬው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። የሚቀጥለውን ክፍል አየሁ፣ ያው ነው። ሦስተኛውም ያው ነው። በዚያ ኮሜዲ ውስጥ ሳቂዎቹ ከምንም በላይ የሚስቁት እሱ ሲመጣ ነበር።

ሶፋችን ላይ ብቻዬን ተቀምጬ፣ ድምፁ ለምን ይጠፋ እንደነበር ያኔ ገባኝ። ጋሽ ዘውዴ አንዲት የማትናገር ጥቁር ልጅ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ ያንን ሳቅ ከቤት አስወጥተው፣ ሰውዬውን አማካሪ አድርገውልኝ ነበር። እኔ ድምፁን አስከፈትኳቸው። ከዚያ በኋላ በየቀኑ አጠገቤ ተቀምጠው ሰሙት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ማጫወቻውን በቦርሳ ይዤ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ጋሼ» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር አጠናሁ። ክፍላቸው ንጹሕና ጠባብ ነው፤ መስኮቱ ላይ ባለ ሰባት አምፖል የገና መብራት አለ። ወንበር ላይ ነበሩ። ቀኝ እጃቸው አይንቀሳቀስም፣ ንግግራቸውም ጠፍቷል። ተንከባካቢዋ ከመጡ ወዲህ አንድም ቃል አልሰማሁም አለችኝ። አወቁኝ መሰለኝ፣ ዓይናቸው ተከተለኝ። ያጠናሁት ዓረፍተ ነገር ግን እንደ ልማዱ አልወጣም።

ስለዚህ ማጫወቻውን ክፍላቸው ውስጥ ካለው ቴሌቪዥን ጋር ገጠምኩ፣ ዲስኩን አስገባሁ፣ ድምፁን አጠፋሁ። ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ያውልዎት ወዳጃችን» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «አሁንም አልወረደም።»

ተንከባካቢዋ ጭማቂ ይዛ ገባችና ቆማ ታየኝ ጀመር። ሰው ሲያየኝ መናገር አልችልም፤ ማውራቴን አቆምኩ። ጋሽ ዘውዴ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ወደ እኔ መለሱ፤ የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ቀጠልኩ። የሴትዮዋን አበባ ነገርኳቸው፣ ዝናብ የሚፈራውን ውሻ ነገርኳቸው፤ እሳቸው ያልነገሩኝን አንዲት የማትናገር ልጅም ሰውዬው አጠገብ አስቀመጥኩ። ሁለት አውቶቡሶች ሲተላለፉ የጋሽ ዘውዴ ግራ እጅ ከጉልበታቸው ትንሽ ከፍ አለ፣ ሁለት ጣት። ቲኬት ቆራጩ መጥቶ ሲያጎነብስ ተቻኩዬ፣ «ይኸው ጨንቆታል፤ እስቲ ምከረኝ እያለው ነው» አልኩ።

ዲስኩ አለቀ። ስክሪኑ ጠቆረ። ጋሽ ዘውዴ ከንፈራቸውን ብዙ ጊዜ አንቀሳቀሱ።

«ወረ… ደ?» አሉ።

ተንከባካቢዋ ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ገና ነው፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ስመለስ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሰው ጥቂት ነበር፣ ሁሉም ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ፌርማታዬ ሲቃረብ ቀዩን ቁልፍ አልነካሁም፤ ምን እንደያዘኝ እንጃ፣ «ወራጅ አለ» አልኩ። ማንም አልዞረም። ሹፌሩ ከመስታወት ግርዶሹ ወዲያ ሆኖ አልሰማኝም፣ ፌርማታውም አለፈ። ቀጣዩ ላይ ወርጄ በበረዶው ላይ በእግሬ ተመለስኩ። ቤት ስደርስ የጋሽ ዘውዴ መስኮት ጨለማ ነው፣ የእኛም ጨለማ ነው፣ እናቴ ገና አልገባችም።

ይቅርታ አሁንም አላልኳቸውም። ግን ዕድሜ ልካቸውን መሪ ይዘው ለሌሎች ሰዎች ሲያቆሙ የኖሩ ሰው፣ አንዲት ልጅ ድምፅዋ እስኪመጣላት ድረስ አንድ ሰውዬ ሳያወርዱ አቆይተውላት ነበር። አሁን እኔ ነኝ የማቆይላቸው። ሰውዬው ሁለተኛው ፎቅ ላይ፣ ባርኔጣውን እንዳደረገ፣ መስኮቱ ዳር ነው። ቅዳሜ ስሄድ ይጠይቁኛል፣ እኔም ገና ነው እላቸዋለሁ።